ዓሣ ኮፍያ አያደርግም

ሲያትል፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1986

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ ለኮርኔሊያ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የቤታችን የቀደሙት እናቶች ጥላቸውን ያሳርፉብዎ፤ ጉልበትዎን ያጽኑልዎ፤ ዓሣ የሚያደርቁበት የጭስ ቤትዎ አይጉደል። እኔ ደህና ነኝ።

ምናልባት ረስተውኝ ከሆነ፣ ራስል ነኝ፤ የእናትዎ የታናሽ እህታቸው የሴት ልጅ ልጅ። ለመጨረሻ ጊዜ የተያየነው እናቴን ስንቀብር ነው። ያን ጊዜ ቶሎ መመለስ ስለነበረብኝ በወጉ ሳንጫወት ቀረን።

አሁን የምሠራው የልጆች መጻሕፍት የሚያሳትም ድርጅት ውስጥ ነው። አለቃዬ ሚስስ ሃልቨርሰን፣ የእኛን የአላስካ ትሊንጊቶችን የሳልመን ዓሣ ታሪኮች ለትንንሽ አንባቢዎች እንዳዘጋጅ አዛኛለች። «አንተ እኮ የዚያው ሰው ነህ» ነው ያለችኝ። ትልቁን ታሪክ፣ ልጁ ወደ ሳልመኖች አገር የተወሰደበትን፣ ግማሹን አስታውሳለሁ። ሙሉውን ቢጽፉልኝ ውለታዎን አልረሳም። ከሁለት ገጽ ባይበልጥ፣ የሚያሳዝን ነገር ባይኖርበት፣ መጨረሻው ላይ አንድ ጥሩ ምክር ቢኖረው እንመርጣለን።

መንደር ውስጥ ወረቀት እንደ ልብ ላይገኝ ይችላል ብዬ ጥቂት ከዚህ ልኬያለሁ። መጻፉ ካስቸገረዎ፣ የሚያግዝዎ ሰው አይጠፋም ብዬ አምናለሁ።

አክባሪዎ፣ ራስል


ከመንደር፣ ኦክቶበር 20 ቀን 1986

ለራስል፣

በየብስም በባሕርም ክፉ አይንካህ። ዝናብ ላይ ነን፤ ደህና ነኝ። ሰላምታው እዚህ ላይ አለቀ።

ወረቀትህ ደርሶኛል። እዚህ ወረቀት አለ፣ ልጄ። የሚጻፍበትም አለ፣ ሌላውም ዓይነት አለ። ያንተው ለሁለቱም አይሆንም፤ ይሻክራል። መጻፍ ካስቸገረኝ ብለሃል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የዚህ መንደር አስተማሪ እንደነበርኩ እናትህ አልነገረችህም? የራሷን ስም መጻፍ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ረስተውኝ ከሆነ ደግሞ ትላለህ። እናቱን አፈር እያለበሱ የእጅ ሰዓቱን የሚያይ ሰው እንዴት ይረሳል?

ግማሹን አስታውሳለሁ ያልከው የትኛውን ግማሽ ነው? የሚበላበትን ይሆናል።

አሁን ስማኝ። ያ ታሪክ የእኛ አይደለም። እኔና አንተ በእናቶቻችን የቁራ ወገን ነን፤ ታሪኩ የማዶው ወገን፣ የንስሮቹ ነው፤ የአባቴ ጎሳ ሀብት ነው። እንደ ጀልባና እንደ ቤት ባለቤት አለው። የሰው ጀልባ ሳታስፈቅድ አስነስተህ አትሄድም፤ ወይስ ሲያትል እንደዚያ ነው የሚኖረው? እኔ ከአባቴ ሰምቼ አውቀዋለሁ። ልናገረው ግን አልችልም፤ ሥልጣኑ የኔ አይደለም።

ዛሬ ባለቤቱ ሲልቬስተር ነው። ያ ሰውዬ በአንድ ወቅት ባሌ ነበር። የሚኖረው ከቤቴ ፊት ለፊት፣ ከሳንቃው መንገድ ማዶ ነው። የዓሣ ማሸጊያው ፋብሪካ ከመዘጋቱ በፊት ጀምሮ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። መስኮቱን በአሮጌ መረብ ሸፍኖታል፤ ለሁለታችንም ትልቅ ውለታ ውሏል። ፈቃድ ከፈለግህ ለእሱ ጻፍ። ማንበብ ይችላል፤ ብዙ ነገር ግን አይችልም።

ሱቁ ሰፊ አፍ ላለው የዓሣ ማሸጊያ ጠርሙስ ክዳን ጨርሷል። ከወረቀት ይልቅ እሱን ላክልኝ።

ኮርኔሊያ


ሲያትል፣ ኖቬምበር 25 ቀን 1986

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ፣

የወንዙ ሰላም፣ የጫካው ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። የጠርሙስ ክዳኖቹን ልኬያለሁ።

ለአቶ ሲልቬስተር በታላቅ ትሕትና ጻፍኩላቸው። ደብዳቤዬ ተመልሶ መጣ። ጀርባው ላይ በትልልቁ «አላውቅህም» ብለውበታል። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? እኔ የሥራ ሰው ነኝ፤ የሁለት ጎረቤታሞች ኩርፊያ እስኪበርድ ልጠብቅ አልችልም። ስለዚህ በማስታውሰው ላይ ጥቂት ጨምሬ ጽፌዋለሁ፤ ረቂቁ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ልጁን ቲሚ ብየዋለሁ፤ ለአንባቢ ይቀላል። ወደ ባሕር የሚወስደው ቀይ ኮፍያ ያደረገ፣ ፊኒ የሚባል ተጫዋች ሳልመን ነው። እናትየው የምትሰጠው የሻገተ ዓሣም ቀርቷል፤ ሚስስ ሃልቨርሰን ሻጋታ ልጆችን ያስጠላቸዋል አለች፤ ሳስበው እውነቷን ነው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። መጽሐፉ ላይ «በመንደሩ አዛውንት የታየ» ብለን ስምዎን እናስገባ። ለእርስዎም ክብር ነው።

አክባሪዎ፣ ራስል


ከመንደር፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 1987

ለራስል፣

ነፋሱ አይገልብጥህ። የፖስታ አውሮፕላኑ በማዕበል ምክንያት ውኃው ላይ ማረፍ አቅቶት ከርሞ ነበር፤ ስለዚህ ክብሬን ለመቀበል ዘገየሁ።

ብቻዬን አንብቤ እንዳልፈርድብህ ብዬ፣ ረቂቅህን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። አስተማሪዋን ዶናን አስፈቅጄ ለትንንሾቹ አነበብኩላቸው። አንተ የምትጽፈው ለእነሱ አይደል? ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳልደርስ ያቺ የሄርማን ልጅ ቨርና፣ ጥርሷ የወለቀው፣ እጇን አወጣች።

«ዓሣው ለምንድነው ኮፍያ ያደረገው?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ራስል ነው ያደረገለት» አልኳት።

«ውኃ ውስጥ አይወልቅበትም?»

«በላስቲክ ታስሮ ነዋ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ጆሮ ሳይኖረው ላስቲኩ ምን ላይ ይያዛል?»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ዶና ጠረጴዛ እየደበደበች ዝም አሰኘቻቸው። ቀጠልኩ። ቲሚና ፊኒ ለዘላለም ጓደኛሞች ሆኑ የምትለው ቦታ ስደርስ ቨርና እንደገና ተነሣች።

«እራት ምን በላ ታዲያ?»

«ማን?»

«ቲሚ ነዋ። ቤቱ ሲመለስ እናቱ ምን ሰጠችው?»

«ፊኒን ነዋ! ጠብሳ!» ብለው ሁሉም በአንድ ላይ ጮኹ፤ ከዚያ በኋላ የሚይዛቸው ጠፋ። አንዱማ «ኮፍያውን አውልቃ ነው ወይስ ከነኮፍያው?» እያለ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ልጆችን ለማሳቅ አስበህ ከሆነ፣ እንኳን ደስ አለህ።

ሻጋታ ያስጠላቸዋል ትላለህ። የዚህ መንደር ልጅ ሻጋታውን በቢላ ፍቆ ቀሪውን ይበላል፤ ይልቅ የሚያስጠላው ያንተ ቲሚ ነው። አንተ የደረቀ ራስ! ልጁ የተወሰደው ለምን ይመስልሃል? ራበኝ ብሎ እናቱ የደረቀ ሳልመን ሰጠችው፤ ጫፉ ሻግቶ ነበር፤ «ይሄን ቆሻሻ!» ብሎ ወረወረው። ዓሣውን ናቀ። ሳልመኖቹ የመጡት ለዚያ ነው። ከእነሱ ጋር ያኖሩት፣ እስከሚመለስ ድረስ በዚያችው በሻገተችው ቁራጭ ስም የጠሩት ለዚያ ነው። አንተ ንቀቱን አወጣህና ልጁን ለሽርሽር ላክኸው።

ስሜን መጽሐፍህ ላይ ብታስገባ በሕይወቴ ባለሁበት እከስሃለሁ፤ ብሞትም መንገድ አላጣም። ዓሣ ኮፍያ አያደርግም።

ኮርኔሊያ


ሲያትል፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1987

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ አንደበትዎማ ምንም እንዳልጎደለበት አይቻለሁ።

አንድ ጥያቄ ይፈቀድልኝ። ልጆቹ በእኔ ስቀው ከጨረሱ በኋላ እውነተኛውን ነገሯቸው? አልነገሯቸውም። ቢነግሯቸው ኖሮ ይጽፉልኝ ነበር። እኔ እዚያው መንደር ተወልጄ፣ እስክሄድ ድረስ ያን ታሪክ ከባለቤቱ አፍ አንድ ቀን አልሰማሁም። የሰማሁትን ግማሽ የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የተሰረቀ ነገር እንደምታበላኝ ዓይነት። ያቺ ቨርና ታሪኩን ከማን ልትሰማ ነው? ከአቶ ሲልቬስተር መስኮት? እርስዎና የቀድሞ ባለቤትዎ መንገዱን መሐል አድርጋችሁ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጣችኋል፤ ታሪኩም መሐላችሁ እየሞተ ነው። ሲሞት ደግሞ «ባለቤት ነበረው» ብላችሁ በክብር ትቀብሩታላችሁ።

የኔ ዓሣ ኮፍያ ያደርጋል። ቢያንስ ይዋኛል።

ውሉን ፈርሜያለሁ። መጽሐፉ በሴፕቴምበር ይወጣል።

አሁንም አክባሪዎ፣ ራስል


ሲያትል፣ ኤፕሪል 3 ቀን 1987

ይድረስ ለአክስቴ፣

መልስ ስለ ጠፋ ነው። ተቆጥተው ከሆነ ይቆጡ፤ ታመው ከሆነ ግን ቢያሳውቁኝ። ሱቁ ስልክ ደውዬ ነበር፤ ባለሱቁ «አለች፣ ሥራ በዝቶባታል» ብሎ ዘጋብኝ። ምን ሥራ?

ራስል


ከመንደር፣ ኤፕሪል 28 ቀን 1987

ለራስል፣

ደህና ሁን። ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ ገብቷል። ቅርንጫፎቹን ውኃ ውስጥ ነክረን የሚጣበቅባቸውን እንቁላል አሰባስበናል፤ ዘንድሮ ወፍራም ነው። በስልክ የማላወራው ሱቁ ሙሉ ሰው ስለሚሰማኝ ነው።

የሚከተለውን ላክልኝ። አንገቱ የሚታጠፍ የመጠጫ ቀሰም። የወንድ የሱፍ ካልሲ፣ ትልቁን ቁጥር። የጢም ምላጭ፣ ርካሹን አይደለም፣ ቆዳ የማይልጠውን። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ።

ኮርኔሊያ


ሲያትል፣ ሜይ 15 ቀን 1987

ይድረስ ለአክስቴ፣

በረከት ይብዛልዎ። ዕቃዎቹን ልኬያለሁ። አትጠይቀኝ ስላሉኝ አልጠይቅም፤ ብቻ ባል አግብተው ከሆነ እንኳን ደስ ያለዎት፤ ጢማሙን ነው ያገኙት።

ከዚህ ያለው ወሬ መጽሐፉ ነው። ሚስስ ሃልቨርሰን አሁን ደግሞ ፔንግዊን ይጨመርበት አለች። አላስካ ውስጥ ፔንግዊን የለም አልኳት። «ልጆች ይወዱታል፣ ራስል» አለችኝ። ፔንግዊኖቹ ያሉት የዓለም ሌላው ጫፍ ላይ ነው ብላት፣ «ታዲያ ከመዋኘት ማን ይከለክላቸዋል?» አለች። ይህቺ ሴት የልጆች መጽሐፍ ሥራ አስኪያጅ የሆነችው ልጆችም መጽሐፍም ስለማታውቅ ይመስለኛል።

ፔንግዊኑ ገብቷል።

ራስል


ከመንደር፣ ኦገስት 4 ቀን 1987

ለራስል፣

የኔ ቤት እናቶች ካሉበት ይዩህ፤ አይተውም አይፈሩብህ። ይሄ ረጅም ነው፤ ተቀመጥ።

የፌብሩዋሪ ደብዳቤህን አንብቤ ምድጃ ውስጥ ወረወርኩት። ጀርባ ለጀርባ ያልከው ነገር ግን አልቃጠል አለኝ። ቀን በቀን እየተናደድኩ ሰነበትኩና፣ ማርች ላይ አንድ ጠዋት ጫማዬን አጠለቅሁ። ይሄ የትናንት ልጅ እንዲህ ከደፈረኝ ጥፋቱ የዚያ ሰውዬ ነው፤ ሄጄ ልኩን ልንገረው ብዬ መንገዱን ተሻገርኩ። በሩን መታሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ የምትባል ሰው አላውቅም።»

«ኮርኔሊያ ነኝ፣ አንተ ደንቆሮ!»

«እሷ ከሆነች በእግሯ በርግዳ ትግባ» አለ። ድምፁ ልክ አልነበረም። ከፍቼ ገባሁ። ከወንበሩ ተንሸራትቶ ምድጃው ጥግ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም፤ አፉ ወደ አንድ ወገን ሄዷል። ጢሙ ደረቱ ደርሷል። በገና በዓል ሰሞን ነው ሕመሙ የጣለው። ከተማ ወስደው ሐኪሞች አይተውታል፤ ከዚህ በላይ የምናደርግለት የለም ብለው መልሰውታል። የወንድሙ ልጅ ሚስት በቀን አንዴ ምግብ በሩ ላይ ታስቀምጥለታለች። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ለኔ የነገረኝ የለም። ስሙን ቤቴ ውስጥ እንዳያነሱ የከለከልኩ እኔ ስለሆንኩ።

«ልሰድብህ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«ቁጭ በይና ስደቢ። ቆመሽ ከሆነ ቶሎ ይደክምሻል።»

አነሣሁት። ዓሣ ሲጎትት የኖረ ሰው፣ ከዶሮ ላባ ቀልሎ ጠበቀኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሾርባ እወስድለታለሁ፤ እላጨዋለሁ። ሌላ ነገር እንዳታስብ፤ ይቅርታ አላደረግሁለትም። የተራበ ሰው ስድብ በደንብ አይሰማም፤ ለዚያ ነው የማበላው።

ለምን እንደጣልኩት አታውቅም ይሆናል። የኛ ሰው ሲሞት የሚሸከመው የማዶው ወገን ነው። እናቴ ስትሞት ሣጥኗን ሊይዙ የሚገባቸው ንስሮቹ ነበሩ፤ ከፊት ደግሞ ባሌ። ቀይ ሳልመን በገፍ የገባበት ሰሞን ነበር። ጀልባው ላይ በሬዲዮ ነገሩት። «መረቤ ሙሉ ነው» አለ። እናቴ ጉድጓድ ስትወርድ እሱ ዓሣ ይጎትት ነበር። ሲመለስ ዕቃው ሁሉ ሳንቃው መንገድ ላይ ዝናብ ሲመታው አገኘ። እሱም ቃል ሳይናገር ሰበሰበና ማዶ ገባ። ይኸው ነው።

ስላንተ አወራን። «ያ ‹ለባህልዎ ያለኝ ጥልቅ አክብሮት› እያለ የጻፈልኝ?» አለኝ። «የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ አልጻፈም። አክብሮት ብሎ ነገር! የቤት መሸጫ ማስታወቂያ መስሎኝ ነው የመለስኩት።» የማን ልጅ እንደሆንክ ነገርኩት። ኮፍያውንም ነገርኩት። ግማሽ አፉ ብቻ ነው የሚስቅ፤ በግማሹ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ልቡ ሲመለስ እንዲህ አለ፦

«ይጻፈው። ለልጆች ከሆነ ይጻፈው። የማን እንደሆነ ግን መጀመሪያ ይናገር። ሻጋታውን ይመልስ። ያቺን ቁራጭ ካልወረወረ ልጁ ምን አጥፍቶ ተወሰደ?»

ፈቃዱ ይኸውልህ፤ በግማሽ አፍ የተሰጠ፣ ግን ሙሉ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልህ። ባለፈው ወር ዶና ልጆቹን ይዛ መጣች። ቤቱን ሞሉት። ሲልቬስተር ትራስ ተደግፎ ጀመረ። ቃሉ እየተኮላተፈ ስለነበር አንዳንዱን ሁለቴ ይለዋል። የሚስቅበት አልነበረም። ልጁ ቁራጩን ሲወረውር፣ ባሕሩ ሲወስደው፣ ሳልመኖቹ እንደኛ ቤት ሠርተው፣ እንደኛ ሲጨፍሩ ሲያገኛቸው፤ ቨርና ጥፍሯን እየበላች ታዳምጣለች። ከዚያ ሳልመን ሆኖ ወደ ወንዙ ተመለሰ፤ የገዛ እናቱ ያዘችው፤ አንገቱን ልትቆርጥ ቢላዋን አሳረፈች፤ ቢላው አልቆርጥ አለ። እዚህ ላይ ሲልቬስተር ትንፋሹ አለቀ። በደህናው እጁ ወደኔ ጠቆመና፣ «የአባቷ ነው፤ እሷ ትጨርሰው» አለ።

ጨረስኩት። ቢላው የነካው ልጁ ሲወሰድ አንገቱ ላይ የነበረውን የመዳብ ሐብል መሆኑን፣ እናትየው በዚያ እንዳወቀችው ነገርኳቸው። ድምፄ ተንቀጠቀጠ ብዬ እንድጽፍልህ አትጠብቅ። ሳበቃ ቨርና፣ «እንደገና» አለች።

እንግዲህ ማስተካከያው በእጅህ ነው። አስተካክለው።

ኮርኔሊያ


ሲያትል፣ ኦገስት 26 ቀን 1987

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ፣

ሰላምና ጤና ለእርስዎ፣ ለአቶ ሲልቬስተርም ምሕረት። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት።

ሚስስ ሃልቨርሰን ጋ ገብቼ ነገርኳት። ሻጋታው አሁንም አይሆንም አለች። የጎሳውን ስም መጀመሪያ ገጽ ላይ እናስገባ ብላት፣ «ኦሃዮ ያለ ልጅ ስለ ጎሳ ምን አገባው?» አለች። ደግሞም ማተሚያ ቤት ገብቷል። በሁለተኛው እትም ላይ እናየዋለን ብላ ቃል ገብታልኛለች። እኔም አምኛታለሁ፤ ሌላ ምርጫ የለኝም። እርስዎ ከዚያ ሆነው ቀላል ይመስልዎታል። እዚህ ሥራ ለማግኘት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ቢያውቁ እንዲህ አይፈርዱብኝም።

ለአቶ ሲልቬስተር ምስጋናዬን ይንገሩልኝ።

ራስል


ከመንደር፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1987

ራስል፣

ሲልቬስተር ትናንት ሞተ። ሱቁ ድረስ ሄጄ፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ፣ ቢሮህ ደወልኩ። አንዲት ሴት «ስብሰባ ላይ ነው» አለችኝ።

እሱ ንስር ነው፤ የሚሸከመው የኛ ወገን ነው። የቀሩን ወንዶች ጥቂት ናቸው፤ አንዱ አንካሳ፣ አንዱ ካንተ አያት የሚበልጥ። አንድ ቦታ ክፍት ነው። ያንተ ቦታ ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜ እስኪደርስ እንጠብቅሃለን።

ኮርኔሊያ


ሲያትል፣ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1987

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ፣

ሐዘንዎ ሐዘኔ ነው። ነፍሳቸው በደህና መንገድ ትሻገር። ለእርስዎም መጽናናቱን ይስጥዎ።

ቅዳሜ መጽሐፉ በከተማው ቤተ መጻሕፍት የሚመረቅበት ቀን ነው። ጥሪው ከተላከ ቆየ። ጋዜጠኛ ይመጣል። በማንኛውም ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ከመምጣት ወደኋላ አልልም ነበር። እንደሚረዱኝ ተስፋ አደርጋለሁ። አበባ ልኬያለሁ፤ በጊዜው ይደርስ እንደሁ እንጃ።

ራስል


ከመንደር፣ ኦክቶበር 30 ቀን 1987

ለራስል፣

እንዴት ነህ? እኔ እንዳለሁ ነኝ።

መረብህ ሙሉ እንደሆነ ገባኝ።

አበባው ከቀብሩ በኋላ ደረሰ። ፍየል ቢኖረን ለፍየል እንሰጠው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ለመሸከም ስንሰለፍ አንድ ሰው ጎደለን። ኦርቪልን አታውቀውም፤ የአስተማሪዋ የዶና ባል ነው፤ ከሚኔሶታ የመጣ ነጭ፣ የመብራት ሞተራችንን የሚጠግን። ባሕሩ ዳር ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ያየን ነበር። ሄጄ «መሸከም ትችላለህ?» አልኩት። «ጉልበቱ አለኝ፤ ግን ወገን የለኝም» አለ። እንዲህ ያለ መልስ ከሰው ልጅ ከሰማሁ ቆየሁ። እዚያው ጠጠሩ ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ንስሮቹ እየመሰከሩ፣ የቤታችን ልጅ አደረግነው። ስም ጠራንለት። የአጎቴ ስም ነው። ላንተ አስቀምጬው የነበረ ነው፤ አሁን ተይዟል።

ሸክሙን ከፊት ያዘ። ዳገቱ ጭቃ ነበር፤ አንዴም አልተንሸራተተም። ሲልቬስተርን በሕይወቱ ከ«እንደምን አደርክ» በላይ ያነጋገረው አይመስለኝም፤ ግን አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። ያ ሰውዬ እስኪሞት ድረስ ምላጩ ይልጠኛል እያለ ሲነጫነጭብኝ ነው የኖረው። ሾርባው ጨው የለውም፣ ትራሱ ይሞቃል፣ እጅሽ ይቀዘቅዛል። የሞተ ዕለት ጠዋት ብቻ ምንም አላለም። በዚያ ነው መሞቱን ያወቅሁት።

ንስሮቹ ከቀብሩ በኋላ ታሪኩን ለትምህርት ቤቱ ልጆች እንድነግር ፈቀዱልኝ፤ የነሱው ሰው እስኪረከበው ድረስ። በየሳምንቱ እነግራለሁ።

መጽሐፍህም ደርሶኛል። ፔንግዊኑን አየሁት።

ኮርኔሊያ


ሲያትል፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1988

አክስቴ፣

እንዴት ብዬ ሰላም እንደምልዎ ጠፋኝና ቆየሁ።

ያን ቅዳሜ የሆነውን ልንገርዎ። ልጆቹን በነጭ ካልሲ አሰልፈው አመጧቸው። ወንበር ላይ ደርድረው አስቀመጧቸው። አነበብኩላቸው። አንድም ልጅ ሳቅ አላለም። አንድም ልጅ እጁን አላወጣም። ኮፍያው እንዴት እንደማይወልቅ የጠየቀ የለም፤ እራት ምን እንደበላ የጠየቀ የለም። ሳበቃ እናቶቹ አጨበጨቡ። የሳልመን ቅርጽ ያለው ኬክ ተቆረሰ። ጋዜጠኛው ሚስስ ሃልቨርሰንን ፎቶ አንሥቶ ሄደ። ጥግ ላይ ቆሜ ሰዓቴን አየሁ፤ አሁን ዳገቱን እየወጡ ነው ብዬ አሰብኩ። አየር ማረፊያ ልሂድ ብዬ ታክሲ ያዝኩ፤ መንገድ ላይ ስደርስ ምን ዋጋ አለው ብዬ ወረድኩ። እዚህም እዚያም ሳልሆን ቀረሁ።

ስሜን ከመጽሐፉ አውጡልኝ ብዬ በጽሑፍ አመለከትኩ። «በሁለተኛው እትም» አሉኝ። ሁለተኛ እትም የለም፤ አልተሸጠም። ሥራውንም ትቻለሁ። እኔ ነኝ የተውኩት፤ አላባረሩኝም። ይሄን የምጽፈው እንዲያመሰግኑኝ አይደለም። ምን ብዬ እንደምጠይቅዎ አላውቅም፤ ስለዚህ ምንም አልጠይቅም።

ራስል፣ የማርጀሪ ልጅ፣ የሊዲያ የልጅ ልጅ


ከመንደር፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1988

ለራስል፣ ለማርጀሪ ልጅ፣

ቤትህ አይፍረስ፤ ካለህ።

ዘግይተሃል። በሁሉም ነገር ዘግይተሃል፤ ሥራ በመተውም ዘግይተሃል፤ አንድ ዓመት ቀድመህ ብትተወው ፔንግዊኑን እናድነው ነበር። ታክሲ ይዤ መንገድ ላይ ወረድኩ የምትለውን ለማንም አትንገር። የባሰ ያደርግብሃል።

ጁን ላይ ቀዩ ሳልመን ይገባል። የኔ ዓይን ደክሟል፤ ዓሣ ለመቁረጥ እጅ አንሶኛል። ማክሰኞ ማክሰኞ የፖስታ አውሮፕላኑ ሰው ይጭናል። ና የሚል ቃል ከኔ አትጠብቅ፤ ግን ከመጣህ ደንቡን ከወዲሁ እወቅ። ኦርቪል ይቆርጣል፤ አስተምሬዋለሁ። አንተ ሆድ ዕቃውን እያወጣህ ታጥባለህ። ሳልመኖቹ ዳግመኛ እንዲመጡ ቨርና አጥንቱን እየለቀመች ወንዝ ትመልሳለች፤ አንዲት ብትቀር ያስቀረኸው አንተ ነህ ብላ ስለምትጮህብህ፣ ዝም ብለህ ስማት። ኦርቪል ስታገኘው ቀድመህ ሰላም በለው። በተሸከመው ስም ታላቅህ ነው።

የጎማ ቦት ጫማ ይዘህ ና። ያን የከተማ ጫማህን አይቼዋለሁ።

ኮርኔሊያ